ልጄ ሽጉጡን ይዞ ወደ እህቱ ሊነዳ ነው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮተቤ ካራ ነው፣ ወደ ለገጣፎ መውጫው። ሁለት ልጆች አሜሪካ አሉኝ። ሴቷ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። ወንዱ ቴክሳስ ዳላስ ሆኖ ኡበር ይሠራል። ግሪን ካርድ ካገኘ አራት ዓመቱ ነው። ባለፈው እሁድ ቡና እየቆላሁ በቪዲዮ ደወለልኝ። አዲስ የገዛውን መኪና ሊያሳየኝ ስልኩን ወደ ውስጥ አዞረው። በሁለቱ ወንበሮች መሀል ያለውን ክዳን ከፈት ሲያደርግ አንድ ጥቁር ነገር አየሁ። «ይሄ ምንድን ነው?» ስለው ቶሎ ዘጋው። ቡናው አረረብኝ። ስጨቀጭቀው ሽጉጥ መሆኑን አመነ። ጓደኛው ሌሊት ሲሠራ ስለተዘረፈ ነው የገዛሁት ይላል። «ፈቃድ አለህ ወይ?» ብለው «እማ፣ እዚህ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ሕጉ ነው» አለኝ። አሁን ለፈረንጅ ገና እህቱ ጋ በመኪና ሊሄድ ነው። ሽጉጡንም ይዞ! እውነት ፈቃድ የማይጠየቅበት አገር አለ? ከስቴት ስቴትስ ይዞ መሄድ ይችላል? ምን ብዬ ልምከረው?
እናት፣ ከካራ

መልስ፦ እትዬ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወደ አገሬ ከመመለሴ በፊት 16 ዓመት አሜሪካ ውስጥ ትልቅ የጭነት መኪና ነድቻለሁ። ዛሬ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተቀምጬ፣ ወደ አዳማ የሚወስደውን ፈጣን መንገድ በመስኮት እያየሁ ነው የምጽፍልዎ። የጠየቁኝን ነገር መንገድ ላይ ነው የተማርኩት። ትምህርቱ ውድ ነበር። እሱንም እነግርዎታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ካልነገርኩዎ በስተቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ልጅዎን እንዳይጠረጥሩት። አልዋሸዎትም። ቴክሳስ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ዕድሜው 21 የሞላ፣ መሣሪያ እንዳይዝ በሕግ ያልተከለከለ ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ታጥቆ መሄድ ይችላል። ግሪን ካርድ ያለውም ሰው ሽጉጥ መግዛት ይፈቀድለታል። ቴክሳስ ብቻዋንም አይደለችም። ቨርሞንት የምትባል ትንሽ ስቴት ከጥንትም ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም። አላስካ በ2003፣ አሪዞና በ2010 ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሌላውን እያየ፣ በ2024 ደቡብ ካሮላይናና ሉዊዚያና ሲጨመሩ ቁጥራቸው 29 ደረሰ። ከ50ው ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ እሱ ያለው ነገር እሱ ባለበት ቦታ እውነት ነው።

ችግሩ መኪና ሲነሳ ይጀምራል።

የዳላስ መንጃ ፈቃድ ሜሪላንድ ይሠራል። ዳላስ የተጋባ ሰው ሜሪላንድ ሲገባም ባለትዳር ነው። ልጅዎም ሽጉጡን በዚያው ዓይን እያየው ይመስለኛል። ሽጉጥ ግን እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱ ስቴት የማንን ፈቃድ እንደሚቀበል ራሱ ይወስናል። ሪሲፕሮሲቲ ይሉታል፤ የእኔን ፈቃድ ተቀበል፣ የአንተን እቀበላለሁ እንደ ማለት ነው። አንዳንዱ የሁሉንም ይቀበላል። አንዳንዱ መርጦ ይቀበላል። አንዳንዱ የማንንም አይቀበልም። የልጅዎ ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። እሱ ጭራሹን ፈቃድ የለውም። የሚያሳየው ወረቀት በሌለበት የሚቀበለው ስቴት ምኑን ይቀበላል? ያለ ፈቃድ ታጠቅ የሚለው ሕግ የቴክሳስ ነው። ድንበሩ ላይ ይቀራል።

መንገዱን አውቀዋለሁ። ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዳላስ ተነስቶ በቴክሳርካና አርካንሳስ ይገባል። ከዚያ በሜምፊስ አድርጎ ቴኔሲን ዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። እነዚህ ሁለቱ እንደ ቴክሳስ ፈቃድ አይጠይቁም። ቴኔሲ በ2021 ነው የተወችው። እስከዚህ ድረስ ልጅዎ «አየሽ እማ!» ሊልዎት ይችላል።

ቀጥሎ ብሪስቶል ላይ ቨርጂኒያ ትመጣለች። በ81 ቁጥር መንገድ ተራራ ተራራውን ብዙ ሰዓት ይነዳባታል። ቨርጂኒያ ሽጉጥ ደብቆ ለመታጠቅ ፈቃድ ትጠይቃለች። መኪና ውስጥ በተዘጋ ሳጥን ያለውን ትታገሳለች። ነገር ግን ነዳጅ ሊቀዳ ሲወርድ ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ ጃኬቱን ከደረበበት ወንጀል ሠራ ማለት ነው። አንድ ልብስ መደረብ ነው ልዩነቱ።

በመጨረሻ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ያለውን ድልድይ ይሻገራል። ድልድዩን በሁለት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ማዶው ሜሪላንድ ነው። ሜሪላንድ የየትኛውንም ስቴት ፈቃድ አትቀበልም። የራሷን ፈቃድ ያልያዘ ሰው ሽጉጥ ታጥቆም ሆነ መኪና ውስጥ አስቀምጦ ሲሄድ ከተያዘ በእስር ያስቀጣዋል። ከአንዱ መኖሪያ ቤትህ ወደ ሌላው መኖሪያ ቤትህ ጥይቱን አውጥተህ በተዘጋ ማህደር ማጓጓዝ ትችላለህ ትላለች። የእህቱ ቤት ግን የሱ ቤት አይደለም። ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን ማታ ከእህቱ ጋር ክትፎ ልንበላ ብለው ዋሽንግተን ዲሲ ቢገቡ፣ እሷም የራሷ ሕግ አላት፤ የሌላ ስቴት ፈቃድ አትቀበልም።

በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ፤ ጓደኞቹ ሳይነግሩት አይቀሩም። መንገደኛ መሣሪያ ይዞ በሚከለክል ስቴት አቋርጦ ማለፍ ይችላል የሚል። እውነት ነው፤ ግን ማለፍ ነው የሚለው። ጥይቱ ወጥቶ፣ መሣሪያው ከሹፌሩ እጅ ርቆ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ መሆን አለበት። የኋላ መጫኛ የሌለው መኪና ከሆነ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ መቀመጥ አለበት። እርስዎ በቪዲዮ ያዩት በወንበሮቹ መሀል ያለው ቦታ ደግሞ ቢቆለፍም እንደማይቆጠር ሕጉ በስም ጠርቶ ጽፎታል። ዋናው ነገር፣ የተነሳህበትም የምትደርስበትም ቦታ መሣሪያውን መያዝ የሚፈቀድልህ መሆን አለበት። የልጅዎ መድረሻ ሜሪላንድ ነው። ይህ ሕግ እሱን አያድነውም።

አሁን የራሴን ልንገርዎ።

ኖቬምበር 2014 ነው። ከአንድ ያገራችን ልጅ ጋር በጥንድ እንነዳ ነበር። አንዳችን ስንነዳ ሌላው ከኋላ ይተኛል። እሱ የጆርጂያ ነዋሪ ነበር። ከጆርጂያ ያወጣው የሽጉጥ ፈቃድ ነበረው። ንጹሕ ሰው ነው፤ ፆም እንኳ የማይሽር። ኒው ጀርሲ ውስጥ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የኋላ መብራት አልበራም ብሎ ፖሊስ አስቆመን። እየነዳሁ የነበርኩት እኔ ነኝ። ፖሊሱ መሣሪያ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። የለም አልኩ። እኔ የማውቀው የለም ነው። ጓደኛዬ ከእንቅልፉ ተነስቶ፣ ዓይኑን እያሸ፣ «አለ፤ ፈቃድ አለኝ» ብሎ ካርዱን ዘረጋ። ሽጉጡ ትራሱ ሥር ነበር፤ ከነጥይቱ። የፖሊሱ ፊት ሲለወጥ አየሁት። ካርዱን በባትሪ አይቶ መለሰለት። «ይሄ እዚህ አይሠራም» ነው ያለው። ሁለታችንንም በካቴና አሰሩን። ብረቱ በዚያ ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል።

እኔ በማግስቱ ተለቀቅኩ። ጓደኛዬ የኔ ነው ብሎ ስለፈረመ ነው። ይህን ውለታውን አልረሳውም። እሱ ግን ብዙ ወራት ተመላለሰ። የኒው ጀርሲ ሕግ በዚያ ወንጀል ጥፋተኛ የተባለውን ሰው ዓመታት ያለ አመክሮ ያሳስራል። ጠበቃው አንዲት ሴት ላይ የደረሰውን ነገረን። የሁለት ልጆች እናት ናት። ከፊላደልፊያ መጥታ በ2013 እዚያው ኒው ጀርሲ ውስጥ ፖሊስ ሲያስቆማት፣ የፔንሲልቬኒያ ፈቃድ እንዳላትና ሽጉጥ እንደያዘች ራሷ ተናገረች። ቢያንስ ሦስት ዓመት ተኩል እስር ይጠብቃት ነበር። ነገሩ በመላ አገሪቱ መነጋገሪያ ሆነ። በ2014 ለዐቃቤ ሕጎች አዲስ መመሪያ ወጣ፤ በ2015 ደግሞ የስቴቱ ገዢ ክሪስ ክሪስቲ ይቅርታ አደረጉላት። ጓደኛዬም በዚያ መመሪያ ነው የተረፈው። ጥፋተኛ ሳይባል በክትትል ተለቀቀ። ሥራው ግን ሄደ፤ ለጠበቃ ያወጣው ገንዘብም ሰበታ ላይ ቤት ሊሠራበት ያጠራቀመው ነበር።

ያ ሰው ከልጅዎ በተሻለ ሁኔታ ላይ ነበር። ፈቃድ ነበረዋ!

ለልጅዎ ከሁሉ በላይ የምፈራለት ግን እስሩን አይደለም። ግሪን ካርዱን ነው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ዜጋ ያልሆነ ሰው በጦር መሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ለማስወጣት ምክንያት ነው ይላል። መግዛት፣ መያዝ፣ ታጥቆ መሄድ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ተዘርዝሯል። ሰው አልጎዳሁም፣ አልተኮስኩም ማለት አይረዳም። ለአሜሪካዊ ጎረቤቱ በገንዘብ ቅጣት የሚያልፈው ነገር ለሱ የአውሮፕላን ትኬት ሊሆን ይችላል። እኛ አበሾች ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ አለን። ቶሎ እንገላገል ብለን ጥፋተኛ ነኝ ብለን እንፈርማለን። እባክዎ ይህን ይንገሩት፦ እግዚአብሔር አያድርገውና ቢያዝ፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክር ምንም ነገር ላይ እንዳይፈርም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 የወንጀል ጠበቃ ደንበኛውን ስለዚህ አደጋ ማስጠንቀቅ አለበት ብሎ ወስኗል። መብቱ ነው፤ ይጠይቅ።

ጓደኞቹ «ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሽጉጥ ጉዳይ የትም መያዝ ፈቅዷል» ይሉት ይሆናል። በጁን 2022 የተወሰነውን ማለታቸው ነው። ያን ጊዜ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ የተሻረው ኒው ዮርክ ፈቃድ ለመስጠት «ልዩ ምክንያት አሳየኝ» ማለቷ ነው። ፈቃድ መጠየቁ አልተሻረም። ሜሪላንድም ኒው ጀርሲም ዛሬ ከበፊቱ ለብዙ ሰው ፈቃድ ይሰጣሉ፤ ግን የራሳቸውን። የአንዱ ፈቃድ በሁሉም ስቴት ይሥራ የሚል ረቂቅም በዲሴምበር 2017 በተወካዮች ምክር ቤት 231 ለ 198 አልፎ ነበር። ሴኔቱ አላጸደቀውም።

ሕጉ ደግሞ ተቀምጦ አይቆይም። በዲሴምበር 2015 የቨርጂኒያ ዋና ዐቃቤ ሕግ የ25 ስቴቶችን ፈቃድ ከእንግዲህ አንቀበልም አሉ። በወሩ ገዢውና ምክር ቤቱ ተስማሙና ውሳኔው ተገለበጠ፤ የሁሉንም ስቴት ፈቃድ እንቀበላለን ተባለ። ስለዚህ ልጅዎ ጓደኛው ባለፈው ዓመት በነገረው መንዳት የለበትም። ከመነሳቱ በፊት የየስቴቱን ፖሊስ ድረ ገጽ ይክፈትና በዚያው ቀን ያንብብ።

ምን ብዬ ልምከረው ላሉኝ፣ ለዚህ ጉዞ ሽጉጡን ዳላስ ቆልፎበት ይሂድ። እናት ስለሆኑ ይህን በግልጽ ሊሉት ይችላሉ፤ ከእኔ ይልቅ እርስዎን ይሰማል። በአውሮፕላን ልሂድ ቢልዎም ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ ጥይቱን አውጥቶ፣ በተቆለፈ ጠንካራ ሣጥን፣ አስመዝግቦ ከሻንጣ ጋር መጫን ይፈቀዳል። ሲያርፍ ግን ያው ሜሪላንድ ነው።

ሽጉጡን ከነአካቴው ጣለው አልለውም። ጓደኛው ተዘርፏል፤ ሌሊት ብቻውን ነው የሚሠራው፤ ፍርሃቱ ይገባኛል። እኔም ያደግሁት የአባቴ ምንሽር ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ እያየሁ ነው። መያዙ ካልቀረ ግን ፈቃዱን ያውጣ። ቴክሳስ ግዴታውን ብታነሳም ፈቃድ መስጠቷን አልተወችም። ክፍያው 40 ዶላር ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት የሚወስድ ትምህርት፣ የተኩስ ፈተናና የጣት አሻራ አለው። ያን ፈቃድ ከ30 በላይ ስቴቶች ይቀበሉታል። ሌላም ብዙ ሰው የማያየው ጥቅም አለው። የፌዴራል ሕግ ከትምህርት ቤት አጥር 300 ሜትር ገደማ ውስጥ ሽጉጥ ይዞ መገኘትን ይከለክላል። ከክልከላው የሚወጣው ያ ስቴት ራሱ የሰጠው ፈቃድ ያለው ሰው ነው። ኡበር የሚሠራ ልጅ ደግሞ በቀን ስንት ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልፋል! ስለ ኡበር ካነሳን፣ ድርጅቱ ከ2015 ጀምሮ ሹፌሮቹም ተሳፋሪዎቹም መሣሪያ እንዳይዙ ከልክሏል። ስቴቱ ቢፈቅድም ከሥራ ሊያግዱት ይችላሉ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሽጉጡ ያለበት ክዳን ሥር የመኪናው ወረቀትና ኢንሹራንሱም ተቀምጦ እንደሆነ ይጠይቁት። ብዙዎቹ እዚያው ነው የሚያደርጉት። ፖሊስ አስቁሞ ወረቀት ሲጠይቀው ክዳኑን ይከፍታል፤ ፖሊሱ የሚያየው ወረቀቱን ሳይሆን ሽጉጡን ነው። በ2016 ሚኒሶታ ውስጥ ፈቃድ ያለው አንድ ጥቁር ሰው፣ መሣሪያ እንደያዘ ለፖሊሱ በትህትና ተናግሮ ነበር። እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ተተኮሰበትና ሞተ። መኪናው ውስጥ ፍቅረኛውና የአራት ዓመት ልጇ ነበሩ። ስለዚህ ወረቀቱን ዛሬውኑ ወደ ፀሐይ መከላከያው ያዛውረው። ሲያስቆሙት የውስጥ መብራቱን ያብራ፤ ሁለት እጁን መሪው ላይ ያድርግ፤ እጄን ላንቀሳቅስ ወይ ብሎ ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ በተማሪ ቪዛ ነው። ጓደኞቹ ተኩስ መለማመጃ ቦታ እየወሰዱት ፎቶ ይልክልናል። ኦሃዮ ፈቃድ አይጠየቅም ይላል። ልክ ነው?
አጎት፣ ከሰበታ

መልስ፦ ስለ ኦሃዮ ያለው ልክ ነው፤ ከ2022 ጀምሮ አትጠይቅም። ስለ ራሱ ያለው ግን ስህተት ነው። በተማሪም ሆነ በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ሽጉጥም ሆነ ጥይት እንዳይዝ የፌዴራል ሕግ ይከለክለዋል። የስቴት ሕግ ያንን አያነሳም። ልምምድ ቦታ ተከራይቶ ለአሥር ደቂቃ መጨበጥም መያዝ ነው። ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት እስር ይደርሳል። ሕጋዊ የአደን ፈቃድ ያወጣ ሰው የሚወጣበት ቀዳዳ አለ፤ ያንን ግን ከጠበቃ ጋር ሳይነጋገር አይሞክረው። ዛሬ ማታ ይደውሉለት። ፎቶዎቹንም ለሰው መላኩን ያቁም።

ጥያቄ፦ ጠቅልዬ ልመለስ ነው። ቡራዩ ቤት ሠርቻለሁ። አካባቢው ገና ጭር ያለ ነው። አትላንታ በሕጋዊ መንገድ የገዛሁትን ሽጉጥ ይዤ ብመጣስ?
ተመላሽ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ ለማለት ያብቃን። ሽጉጡን ግን እንዳታመጣው። የጆርጂያ ሕግ ቦሌ አይሠራም። በእኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባትንም መያዝንም ከልክሏል። አሜሪካም ከአገሯ መሣሪያ ይዘህ ስትወጣ ፈቃድ ትጠይቅሃለች። እዚያው ሽጠው። ሌላ ስቴት ላለ ወንድምህ ወይም ጓደኛህ ልስጠው ካልክም በእጅህ አትስጠው፤ ፈቃድ ባለው የመሣሪያ ነጋዴ በኩል ማለፍ ግዴታ ነው። ደረሰኙን ያዝ። ለቡራዩ ቤትህ ደግሞ መጀመሪያ ከሠፈሩ ሰው ጋር ተዋወቅና የጥበቃ መዋጮው ውስጥ ግባ። እኛም ቱሉ ዲምቱ መጀመሪያ ስንገባ መብራት እንኳ ባልነበረበት ጊዜ እንዲያ ነው ያደረግነው፤ በየብሎኩ ተዋጥተን ሁለት ዘበኛ ቀጠርን።